የደረጃው በር ይከፈት

ስለ ፎቅ ቃጠሎ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የለንደኑ ግሬንፌል ታወር ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. 4ኛ ፎቅ ላይ ከነበረ ማቀዝቀዣ የተነሳው እሳት የባለ 24 ፎቁን ሕንፃ የውጭ ክላዲንግ (የግድግዳ ልባስ) ተከትሎ እስከ ጫፍ ወጣ፤ 72 ሰው ሞተ። ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የጆሃንስበርጉ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ከ70 በላይ ሰው የጨረሰው ሕንፃ ባለ 5 ፎቅ ብቻ ነበር፤ ከእኛ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም አይበልጥም። ብዙዎቹ ያለቁት የተቆለፉ በሮች መውጫ ስላሳጧቸው ነው።

እኛስ? ሲመሽ የደረጃው የብረት በር በሰንሰለት ይቆለፋል፣ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ያድራል። ሌባ መፍራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የመስኮት ፍርግርግም ቢሆን በየቤቱ ቢያንስ አንዱ ማጠፊያ ተበይዶለት ከውስጥ መከፈት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበው ደረጃው ሥር የሚቀመጠው ነው። መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር፣ ነዳጅ ስለሚጠፋ የቤንዚን ጀሪካን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ሱቁ ደጃፍ የቡና ከሰል ካገኘ ይቀጣጠላል። ያኔ ደረጃው ጭስ ማውጫ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሞተው ደግሞ ነበልባሉ ሳይደርስበት በጭሱ ታፍኖ ነው። ለጄኔሬተሩም ለቤንዚኑም ከሕንፃው ውጭ፣ ግቢው ዳር የተለየ ቤት ይሠራላቸው።

ሌላው የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለመብራትና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦ ላይ ምጣድና ምድጃ አብረው ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው «አስቸገረን» ተብሎ የ16 አምፔሩ ብሬከር በ32 ሲተካ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፣ ላስቲኩ ሲቀልጥም ማንም አያየውም። ምጣድ ከማከፋፈያው ሳጥን የሚነሳ የራሱ መስመር፣ በባለ 6 ሽቦ፣ ያስፈልገዋል።

እሳት ከተነሳ ሊፍት አይነካም። ቤቱን ለቆ የሚወጣ በሩን ዘግቶ ይውጣ፤ የተከፈተ በር ጭሱን ለጎረቤት ይለቃል። ደረጃው በጭስ ከተሞላ ግን ተመልሶ በር ዘግቶ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፎ፣ በመስኮት መጣራት ይሻላል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሥራ ላይ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። የከተማ አስተዳደሮቻችን ይህን ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ባለሙያ በማታ ልከው የደረጃውን በር ከውስጥ ያስከፍቱት። ካልተከፈተ ፈቃዱ ይቆይ።