ብልህ ሰው ቅዳሜ ይከራያል

ወደ ሐዋሳ የሚዛወር ሰው ሰፈር የሚመርጥበትን ጥበብ እስካሁን በወጉ ያመሰገነለት የለም። ሁሉም ቤት ጠፋ፣ ኪራይ ናረ እያለ ያማርራል እንጂ፣ የማያውቀውን ከተማ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገላብጦ አንብቦ፣ ልጆቹን የሚያሳድግበትን ግቢ ቁርጥ አድርጎ የሚወስነውን ጀግና ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን አያለሁ። አይቼም እደነቃለሁ።

መጀመሪያ የሚደንቀኝ የቀን አመራረጡ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ መጥቶ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተማሪና ሠራተኛ ባጃጅ ሲሻማ ማየት፣ ከግቢው ጀርባ ያለው ብየዳ ቤት ስንት ሰዓት ላይ ሥራ እንደሚጀምር መስማት ምን ይጠቅማል? ቅዳሜ ይመጣና በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይወርዳል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ያዛል፤ ደፈር ያለው ጥሬውን በዳጣ ይሞክራል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አቅንቶ ዳር ዳሩን ይንሸራሸራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሆዱ ዓሣ ፊቱ ነፋስ እንዳገኘ፣ «እኔ እኮ እዚህ ከተማ መኖር ነበረብኝ» ይላል። ደላላው ሲጠብቅ የዋለው ይህችን ሰዓት ነው። የራበው ሰው ጥያቄ ያበዛል፤ ዓሣ የበላ ሰው ግን የታየው ቤት ሁሉ ነፋሻ ነው የሚሆንለት።

የወር አመራረጡም ከቀኑ አያንስም። ታኅሣሥ ወይም ጥር ነው የሚመጣው። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ መጥቶ፣ በዚያው ቤት አይቶ የሚመለስም አለ። ከተማው በእንግዳ ግጥም ባለበት ቀን ሰፈሩ ጭር ያለ ይሁን የሚረብሽ እንዴት እንደሚለይ እሱ ነው የሚያውቀው። በጥር መሬቱ ደረቅ ነው፤ ኮብል ያልደረሰበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጫማ አያቆሽሽም፤ ሐምሌ ላይ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ቆሞ «ከዚህ በኋላ አልገባም» የሚልበት ጭቃ በታሪክም የነበረ አይመስልም።

ሐይቁም በጥር ጨዋ ነው። መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ ከቸለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውሃ ወንዝና ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አንዴ ከገባ ወዲያ የሚቀንሰው በአብዛኛው በትነት እንደሆነ፣ ስለዚህም ዝናብ በበረታ ዓመት ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዳር እንደሚሰፋ ለእንግዳችን የሚነግረው የለም። እሱም አይጠይቅም። ፎቶ የሚነሳበት ያ ረጅም ክትር ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ውሃ ወደ ከተማው እንዳይገባ ተብሎ በተከመረ ድንጋይና አፈር ላይ ቆሞ፣ «ወደ ሐይቁ ከዚህ ጠጋ ያለ ቤት የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ወኔ አይደለም። ወባም ቢሆን የምትበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከአልጋው በላይ የተመቱትን ሚስማሮች አይቶ ምን እንደሚሰቀልባቸው የሚጠይቅ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። አጎበር ነው።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ይጀምራል። የሚጠየቀው ደላላው ነው።

«ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«ወንድሜ፣ ሰላም የሰፈነበት ነው። ነፋሻ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ የተከበሩ ሰዎች ናቸው።»

«መብራትስ?»

«ይሄ መስመር አይጠፋም።»

አለቀ። ውሉ ካልተፈረመ ሳንቲም የማያገኝ ሰው ነውና፣ ከእሱ የበለጠ ገለልተኛ ምስክር ከየት ይመጣል? ደግሞ አገር ያውቃል። ከተማዋ ስምንት ክፍለ ከተማ ቢኖራትም ለእሱ ስምንቱም ሐይቅ ዳር ናቸው። አላሙራ ተራራ ሥር ያለው ቤት ሐይቅ ዳር ነው፤ ከሐይቁ ርቆ ቱላ ያለውም፣ ጣሪያው ላይ ለወጣ ሰው፣ ሐይቅ ዳር ነው።

ደላላውን ያላመነ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ዘመድ ይጠይቃል። በተለይ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የአክስት ልጅ ካለው ሌላ ምስክር አያሻውም። ያ የአክስት ልጅ ከተማዋን ያየው ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኖ ሐዋሳም መቀመጫው ከመሆኗ በፊት ነው። ያኔ ሜዳ የነበረው ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ ጭር ያለው ዛሬ የምሽት ቤት ሰፈር ነው። ግን «እኔ እኮ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ» ካለ፣ ካምፓስ ግቢ ውስጥ ይኑር የትም ይኑር፣ ቃሉ አይታጠፍም። ከእሱም የሚበልጠው ለሥልጠና የሚመላለሰው የቢሮ ኃላፊ ነው። ሐዋሳን ከሆቴል አዳራሽ እስከ ሐይቅ ዳር መናፈሻ፣ ከሻይ ሰዓት እስከ አበል ክፍያ፣ ጠንቅቆ ያውቃታል። እሱ ባረፈበት ሆቴል አንድም ቀን ውሃ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በከተማው ውሃ አይጠፋም።

ማንን እንደማይጠይቅ ደግሞ እዩልኝ። መታጠፊያው ላይ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና የምትሸጠውን ሴት አይጠይቅም። ሰፈሩ ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ባለፈው ክረምት ጎርፉ የትኛው በር ድረስ መጣ፣ የትኛው አከራይ በየስድስት ወሩ ይጨምራል፣ ሁሉንም በአንድ ስኒ ዋጋ የምትነግር ሴት ናት። ግን እንዴት ይጠይቃት? አፓርታማ የሚከራይ ሰው እኮ ነው፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሊታይ ነው?

እንዲህ ያለው ነገር የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ነው። ደመወዛቸው አንድ ክፍል ለብቻ አያስከራይም፤ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚገቡት። እነሱ ታዲያ ገና ቤቱን ሳያዩ ጎረቤት ማንኳኳት ይጀምራሉ። ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው? ቀን ነው ሌሊት? ማታ ከሰርቪስ ወርደን እስክንገባ መንገዱ ላይ መብራት አለ? ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው ነው? ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡን ማን ነው የሚያካፍለው? አከራይዋ ማታ በር የሚዘጉት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ይህ ሁሉ ጥያቄ ለአንዲት ክፍል! ከዚያም «እናስብበት» ብለው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ በሌላ ሰዓት ተመልሰው ይመጣሉ። አንዷ ሌላ ፈረቃ ላይ ከሆነች እሷም በሷ ሰዓት መጥታ ታያለች። ምን ዓይነት አለማመን ነው? እንግዳችን የእነሱን የዓመት ኪራይ በወር ሊከፍል ተዘጋጅቶ እንኳ ከእነሱ ሩብ ያህል አይጠይቅም። ባለጸጋነት ማለት ይህ ነው።

እሱ የሚያየው የሚታየውን ነው። ሴራሚኩን ያያል፤ ጂብሰሙን ያያል፤ በረንዳው ላይ ወጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በረጅሙ ይተነፍሳል። ቧንቧ ከፍቶ ማየት ነውር ስለሚመስለው አይከፍትም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነማ ጭራሽ ደስ ይለዋል፤ የውሃው ግፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሞት እንደሚቀር፣ ከዚያ በላይ ያለው ጀሪካን በትከሻ እንደሚወጣ ማን አስቦት? ግቢው በር ላይ ውሃ የጫነ ቦቴ ቆሞ ቢያይ እንኳ አከራይዋ እትዬ «ለአትክልቱ ነው» ይሉታል፤ እሱም አትክልት የሚወድ ቤተሰብ ጋር ሊኖር በመሆኑ ይደሰታል።

ውሉ ላይ ሲደርስማ ፈጣን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። እዚህ ከተማ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ክፍለ ከተማ ጎራ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትኛው ቢሮ ይከፈታል? ደላላው «ሌላ ሰው ከነገ ወዲያ ሊከፍል ቀጠሮ ይዟል» ሲለው፣ የስድስት ወሩን በሞባይል እዚያው በረንዳው ላይ ያስተላልፋል። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያየው የለም፤ በየቤቱ ግን አለ።

ይህ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚኖረውም በአጋጣሚ አይደለም። ክረምቱ ይገባል፤ እንግዳችን አሁን እንግዳ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ውሃ ለመቅዳት ባልዲ ይደረድራል፤ ባጃጅ ለመያዝ ጫማውን በፌስታል ይዞ በቦት ጫማ እስከ አስፋልቱ ይሄዳል፤ አንዳንድ ማታ ከጨለማው ውስጥ ጉማሬ ሲያጓራ ይሰማል። መልቀቅ ይፈልጋል፤ እትዬ ግን ቅድሚያውን አልመልስም አሉ። «በምትክህ ተከራይ ካመጣህ ገንዘቡን ከእሱ ተቀበል» አሉት። ስለዚህ በረንዳውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ የተነሳው ፎቶ የጥር ነው። በማግስቱ ከአዲስ አበባ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ይደውልለታል፤ ሊዛወር ነው።

«ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«ነፋሻ ነው። ሰላም ነው። አልነግርህም!»

«ውሃስ አለ?»

«አንተ ደግሞ! ሐይቁ በሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል እያልኩህ?»