ጥፋተኛው ማጣሪያው ነው እንዴ?

ወንድሜ፣ «የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያ መብራት ደጋግሞ ከበራ ማጣሪያው አልቆለታል፣ አስቆርጦ መጣል ነው» ብለሃል። እዚህ አዳማም በየጋራዡ የሚወራ ነው። ግን ልክ አይደለም።

ዲፒኤፍ የሚባለው ማጣሪያ ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ሲሞላም ጥቀርሻው እዚያው ይቃጠላል። ለዚህ ግን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ከመናኸሪያ ፍራንኮ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋህ ይህን ሙቀት ከየት ታመጣለህ? ማቃጠል ሲጀምር ሞተር ካጠፋህማ ሥራው መሃል ላይ ይቀራል። መብራቱ ገና እንደበራ፣ መኪናው ጉልበት ሳያጣ፣ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሞቅ አድርጎ መንዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ በኋላም ተመልሶ ከበራ ጥቀርሻውን የሚያበዛውን ፈልግ። የሚያፈስ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው)፣ የተጣበቀ ኢጂአር ቫልቭ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው)፣ ወይም ተበላሽቶ ሞተሩን እንዳይሞቅ የሚያደርግ ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካውን ሴንሰር ቀጫጭን ጎማዎች ነው። ከተሰነጠቁ ወይም ከተደፈኑ የመኪናው ኮምፒውተር የተሳሳተ ነገር ያነባል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ በመመርመሪያ መሣሪያ የሚታየው የግፊት ንባብ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ሴንሰሩን ጠርጥር።

የሞተር ዘይቱንም መዝዘህ እይ። ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የተቋረጠው ማቃጠል ናፍጣ ወደ ዘይቱ ሳያወርድ አይቀርም። ሳይውል ሳያድር ቀይረው።

ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ማጥፋት? እሱ መብራቱን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ማጣሪያውን ብታስቆርጠው ደግሞ ኢንጀክተሩ እንዳፈሰሰ ይቀጥላል፣ ጥቀርሻውን ከኋላህ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ ይተነፍሰዋል። ማጣሪያው ራሱ ችግር የሚሆነው በአብዛኛው ብዙ ኪሎሜትር ሄዶ የማይቃጠል አመድ ሲሞላው ነው። ያኔም አስፈትቶ ማሳጠብ ይቻላል።