መብራቱን አጥፍታችሁ መኪናውን አታሳውሩብን

ኧረ የሰው ያለህ! ቼክ ኢንጂን (የሞተር ጥፋት መብራት) የበራ መኪና ሲመጣ ስካነር ሰክቶ፣ የጥፋቱን ኮድ ወረቀት ላይ እንኳ ሳይጽፉ ማጥፋትን ጥገና ያለው ማን ነው? መብራቱ ይጠፋል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ከጅማ ወጥቶ ሰርቦ ሳይደርስ ተመልሶ ይበራል። ኮዱ ሲጠፋ ፍሪዝ ፍሬሙም አብሮ ነው የሚጠፋው። ጥፋቱ በተመዘገበባት ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ጭነቱ፣ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። በስልክ ፎቶ ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም እኮ!

ፕሮግራም የተደረገ መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጉልበት ይጨምር ተብሎ የሞተሩ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ተቀይሯል፣ ኢጂአሩ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተር የሚመልሰው) ተደፍኗል፣ ካታላይዘሩ (ጭስ ማጣሪያው) ወጥቷል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ኮዱ ከብልሽት ነው የመጣው ወይስ ከተቀየረው ነገር? የሚለው ነው። ይህ ሳይጠየቅ ነው ባለመኪናው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውሎ ሴንሰር የሚያስልከው። አልሆነም ብሎ ልመልስ ቢል ደግሞ ማን ይቀበለዋል?

ፒ 0299 የሚባለውን ኮድ እንውሰድ። ቱርቦው (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው) የታዘዘውን ግፊት አልሰጠም ማለት ነው እንጂ ቱርቦው ሞተ ማለት አይደለም። ዕቃ የጫነ ሃይሉክስ ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ሲወጣ ጉልበቱ ድንገት ይከዳዋል፣ ጅማ ሲገባ "ቱርቦ ይቀየር" ይባላል። መጀመሪያ የኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ጎማ ቱቦ ከሥሩ ዳብሱት! ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ከሥር ግን ፋሸታው የነከሰበት ጠርዝ ላይ ጥፍር የማታክል ስንጥቅ፣ በዘይት ርሳ አቧራ ይዛ ትገኛለች። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ስንጥቋ ግጥም ትላለች፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ትከፈታለች። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ጆሮ ቢያስጠጉ ምንም የማይሰማው። ሞተሩ ጠፍቶ መስመሩን ግራና ቀኝ ደፍኖ፣ ከ1 ባር ሳያልፉ በኮምፕሬሰር አየር ሞልቶ፣ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው። አረፋው ቦታውን ያሳያል። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች፣ ቀጥሎ አክቹዌተሩ (የቱርቦውን ግፊት የሚያስተካክለው)። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ በእጅ ፓምፕ ሲሳብ ዘንጉ ሳይንገጫገጭ መሄድ፣ ሳይለቅ መቆየት አለበት። ይህ ሁሉ ታይቶ ነው ቱርቦው የሚጠረጠረው።

ማንም የማያነሳው ሌላ ጉዳይ ደግሞ ከፍታው ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ማንበብ አለበት። 100 ካነበበ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ተጠራጠሩ። ባሕር ዳርቻ ያለ አገር ላይ ተሠርቶ ከኢንተርኔት የወረደ የሶፍትዌር ፋይል በፍጹም ግፊት (የከባቢው አየር ግፊት ጭምር ተቆጥሮ) 250 ኪሎፓስካል ሲያዝ፣ እዚያ ቱርቦው አየሩን 2 ተኩል እጥፍ ነው የሚያምቀው። እዚህ ያንኑ ለማድረስ ከ3 እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ሳይደርስ ሲቀር ፒ 0299 ይጽፋል። ከተመሳሳይ መኪና አንድ ቀን ፒ 0299፣ ሌላ ቀን ፒ 0234 (ግፊቱ ከታዘዘው በላይ ሆነ) ከወጣ ደግሞ ወይ ፋይሉ ነው፣ ወይ ጥላሸት የያዛቸው የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች ናቸው። ፋይሉ ከሆነ ለከፍታው ይስተካከል። አዲስ ቱርቦም ቢገጠም እዚያው ዳገት ላይ ያንኑ ኮድ ነው የሚያወጣው።

ኢጂአር በቆርቆሮ ተደፍኖ ፒ 0401 (ኢጂአሩ በቂ ጭስ አላሳለፈም) ሲመጣ ቫልቭ መግዛት ገንዘብ መድፋት ነው፣ መንገዱን የዘጋው ቆርቆሮው ነዋ። ካታላይዘር ወጥቶ የሚመጣው ፒ 0420ም (ካታላይዘሩ በደንብ አያጣራም) እንደዚያው።

ቤንዚን መኪና ላይ ኮን ፊልትር (በዘይት የሚረጥብ ሾጣጣ የአየር ማጣሪያ) ተገጥሞ ፒ 0171 (ለገባው አየር ነዳጁ አነሰ) ሲመጣ ኦክስጅን ሴንሰር አትቀይሩ። የፊልትሩ ዘይት ማፍ ሴንሰሩ ሽቦ ላይ ይለጠፍና የሚገባውን አየር አሳንሶ ያነባል። በራሱ ስፕሬይ አጥቦ ማድረቅ ነው፣ በጨርቅ መንካት የለም። ስካነሩ ላይ የሚታየው የነዳጅ ማስተካከያ (ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነዳጅ) መኪናው ቆሞ ሲሠራ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ። ጭነት ሲጨምር አብሮ ከጨመረ ወደ ነዳጅ ፓምፕ፣ ፊልትሮና ማፍ ሂዱ።

ናፍጣ ላይ ፒ 0087 (በሬሉ፣ ማለትም ነዳጅ ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ግፊቱ አነሰ) ከመጣ የታዘዘውንና የተገኘውን የሬል ግፊት ጎን ለጎን እያነበቡ መንዳት። ጀሪካን ውስጥ የቆየ ናፍጣ ውሃ አያጣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከፊልትሮው ሥር ውሃውን አፍስሱ፣ ፊልትሮ ቀይሩ። ካልሆነ የኢንጀክተሮቹን መመለሻ ቀጫጭን ቱቦዎች አራት እኩል ጠርሙስ ላይ አድርጎ ለ1 ደቂቃ ማየት፣ ከሌሎቹ አብልጦ የሞላው ነው ጥፋተኛው። የከፍተኛ ግፊቱን ቧንቧ ግን ሞተር እየሠራ እንዳትፈቱ፣ ከ1,000 ባር በላይ የሚደርስ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል!

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ኮዱን ከሶፍትዌሩ ውስጥ መደምሰስ ነው። ለኢጂአር ተብሎ የአንዱን ኮድ ብቻ መዝጋት ሲቻል፣ እንዳይመላለስ ተብሎ የሬል ግፊቱም፣ የቱርቦውም፣ የሙቀቱም አብረው ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ስካነር ሲሰካ "ምንም ጥፋት የለም" ይላል፣ መኪናው ግን እየጨሰ፣ ፒስተኑ እየቀለጠ ነው። ቀጣዩ መካኒክ ምን ይዞ ይፈልገው? ባለመኪናውስ ምን እንደተዘጋ በምን ይወቅ?

ፕሮግራም የምታደርጉ ወንድሞቻችን፣ ከመንካታችሁ በፊት ኦሪጅናሉን ፋይል አንብባችሁ በፍላሽ ለባለመኪናው ስጡት። የዘጋችኋቸውን ኮዶች በቁጥር ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። ስትጭኑም ባትሪውን ከ13 ቮልት በላይ በሚይዝ ቻርጀር ደግፉት፣ ቻርጀሩ ደግሞ መብራት ቢጠፋ የማይቋረጥ ይሁን። መሃል ላይ ቮልቱ ከወረደ ኮምፒውተሩ እዚያው ይሞታል፣ መኪናውም ከግቢያችሁ የሚወጣው ተጎትቶ ነው።