አምስት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ» በሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

የመቅደላ ቅርስ ነገር በተነሳ ቁጥር እሳት ለብሰን እሳት ጎርሰን እንነሳለን። እውነታችንን ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ታቦቱን፣ ዘውዱን፣ ብራናውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ብዙው ዛሬም እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። ይመለስ፤ እኔም ይመለስ ባይ ነኝ። ግን «ቅርሳችን ይመለስ» ብለን ከምንጽፈው መካከል ስንቶቻችን ነን እዚሁ ያለውን ገብተን ያየነው? ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ስንመላለስ ብሔራዊ ሙዚየሙን በመስኮት እያየን እናልፋለን። አንድ ቀን እንኳ አምስት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ» ብለን አንወርድም።

የተዘረፈ የተዘረፈ ነው፤ ባለቤትነቱ በጎብኚ ብዛት አይለካም። ቢሆንም ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ይህን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በራሳችን ላይ ስናየው ነው የሚከብደን።

«ተማሪ ሆኜ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ተሰልፈን፣ «ቶሎ በሉ» እየተባልን ካለፍንበት ጉብኝት ምን ቀረን? አሁን በአዋቂ ዓይን ግቡ። ምድር ቤት ውረዱና ድንቅነሽ ፊት ቁሙ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከአፋር አሸዋ የወጣች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አጠገቧ ስትቆሙ ወገባችሁ አካባቢ ነች። «የሚታየው እኮ ቅጂው ነው» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ እውነተኛው አጥንት ለጥንቃቄ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። እሱ ራሱ አሜሪካ ሄዶ ዓመታት ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ ፕራግ ለእይታ ሲቀርብ የአውሮፓ ሰው ሊያየው ሄዷል። እኛ ታክሲ ተሳፍረን መውረድ አቃተን።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ስድስት ኪሎ ቀጥሉ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ገነተ ልዑል የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ቤት አለ፣ መታጠቢያቸውም አለ። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ ራስ አበበ አረጋይን፣ ራስ ሥዩም መንገሻንና ሌሎች ባለሥልጣናትን አግተው በጥይት የጨረሷቸው በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። በዓመቱ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በመጽሐፍ ብታነቡት አንድ አንቀጽ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ስታስቡት ግን ሌላ ነው። ፎቅ ላይ የየብሔረሰቡ ዕቃ በክልል ተከፋፍሎ ሳይሆን እንደ ሰው ዕድሜ፣ ከልጅነት እስከ ሞት ተደርድሯል። የእናታችሁን ቤት ዕቃ ከማታውቁት ሰው እናት ዕቃ ጎን ታገኙታላችሁ። ይሄንን ዘንድሮ፣ እርስ በርስ እንዲህ በተራራቅንበት ጊዜ፣ እያንዳንዳችን ብናየው ደስ ይለኛል። ስትወጡ ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃም ልብ በሉት። ፋሽስቶች ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምረው ለየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። አናቱ ላይ አሁን የተቀመጠው የኛ አንበሳ ነው።

እናንተም ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ለክረምት የምትመጡት፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከክትፎ ቤት ወደ ክትፎ ቤት ስትሉ ወሩ ያልቅና ልጆቻችሁ አገራቸውን ከሆቴል መስኮት አይተው ይመለሳሉ። እዚያ ባላችሁበት ከተማ ግን ሙዚየም ትወስዷቸዋላችሁ፤ ፎቶውን እናያለን። እዚህስ? ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. እንደ እናንተው በስደት፣ አሜሪካ ነው የሞተው። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው። ልጆቻችሁ ይዩለት።

ሙዚየሞቻችን ጉድለት የለባቸውም አልልም። የደበዘዘ መብራት አለ፣ ከሁለት መስመር የማያልፍ ማብራሪያ አለ፣ አቧራም አለ። ታዲያ ማን ይጠይቅ? ፈረንጁ አንድ ቀን አይቶ ይሄዳል። የሚጨቀጭቅ፣ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ» የሚል የአገር ሰው ካልገባ አይስተካከልም። የመግቢያው ዋጋም ለአገሬው ሰው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው፤ እሱን ሰበብ አታድርጉት።

ስትሄዱ አስጎብኚ ያዙ። አትሩጡ፤ ሁሉን ለማየት ከመጣደፍ አንድ ክፍል በደንብ ማየት ይሻላል። ልጆች ሲጠይቁ «ዝም በሉ» አትበሏቸው፣ የማታውቁትን አስጎብኚውን ጠይቁላቸው። ዕቃውን አትንኩ፤ ጥበቃው አትንኩ ሲላችሁም አትከራከሩት። ስትወጡ የጎብኚዎች መዝገብ ካለ ቁጭ ብላችሁ ጻፉበት። የወደዳችሁትንም፣ ያናደዳችሁንም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በምትችሉት ቋንቋ ጻፉት። መዝገቡ በውጭ አገር ሰው ፊርማ ብቻ አይሙላ።