«ገባችሁ?» «አዎ፣ ቲቸር!»

ባለፈው ወር አንድ እሑድ የእህቴን ልጅ የሒሳብ ደብተር ሳገላብጥ ቆየሁ። ስድስተኛ ክፍል ነው። ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተሞልቷል። አንዱ ጥያቄ ላይ ዓይኔ ቀረ። 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 2/5 ይላል። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮ ነው። እሱም ላይ ራይት አለ።

«ግማሽ እንጀራ በልተህ እናትህ ሲሶ ብትጨምርልህ፣ የበላኸው ከግማሽ ያንሳል?» አልኩት።

ሳቀ። «እንዴት ተደርጎ!»

«ደብተርህ ግን ያንሳል ነው የሚለው።»

ደብተሩን አየ፣ እኔን አየኝ። «ቲቸር ራይት ብላኛለች እኮ!»

መምህርቷ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። ሳገኛት በቀልድ አስመስዬ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ አላት። አራት ክፍል ታስተምራለች። ለአንድ ደብተር አንድ ደቂቃ ብትሰጥ 280 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። «እኔ የማየው መሥራታቸውን ነው፣ መልሱን ማን ያያል» አለችኝ። የቤት ሥራ 5፣ የቡድን ሥራ 10፣ ቴስት 10 እያለች ማርክ ሊስቱን መሙላት አለባት። ዩኒት ሊደሩ የሚጠይቃት እሱን ነው። የቡድን ሥራውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ።

ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር ነው የመጣው። ሐሳቡ ደግ ነበር። ልጁ የት ጋ እንደሳተ ዓመቱ ሳያልቅ ይታወቅ፣ መምህሩም ቶሎ ይመለስበት ነው። እኛ ግን ምዘናውን ትተን ተከታታዩን ብቻ ያዝን። ድሮ በዓመት ሁለቴ ይሞላ የነበረው ማርክ አሁን በየሳምንቱ ይሞላል።

ጎንደር ተቀምጠን ይህ ሲጠፋን ይገርመኛል። ቅኔ ቤት ሄዳችሁ እዩ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ በቃሉ ይነግራል። የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ባላት ጉባኤ ቃና ነው። የኔታ እዚያው ይሰሙታል፣ ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረበትን እዚያው ያርሙታል። ጉባኤ ቃናው ሳይቀናው ወደሚቀጥለው የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። አቋቋም፣ ማለትም የማሕሌቱን ዜማና ዝማሜ የተማረውም እዚሁ በአታ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነው የሚያስመሰክረው። ማስመስከር የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። መቻልህን ሰው ፊት ታሳያለህ እንጂ ከመቶ ስንት አመጣህ የሚልህ የለም። (አለንጋውን አልናፍቅም። የኔታም ቢሆኑ ሮስተር የሚያስሞላቸው ዩኒት ሊደር አልነበረባቸውም።)

የእኛን ማርክ ማን እንዳጋለጠው ታውቃላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሱ፤ ተሻሻለ ተብሎ ደስ አለን። እነዚህ ልጆች እኮ ካርድ ነበራቸው። ካርዳቸው ላይ 70 እና 80 ነበር። ያኔ ሁሉም ኩረጃን፣ ፈተናውን፣ ሚኒስትሩን ሲወቅስ ሰነበተ። እኔ ግን የማስበው ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ራይት ስለተባለላቸው 2/5 ነው።

በክልላችን ደግሞ ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። አንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች እኩል አልተማሩም። «ገባችሁ?» ሲባሉ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ቲቸር!» ይላሉ። ያልገባው ልጅ ደግሞ ይብስ ይጮኻል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበርኩ።

ክፍሉ ወደ 40 ልጅ ይውረድ፣ የመምህር ደመወዝ ይስተካከል ብል እውነት ነው፣ ግን ነገ አይሆንም። ነገ የሚሆን አንድ ነገር ለመምህርቷ ነገርኳት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፊ። አንድ ሉክ ለአራት ተቀዶ፣ ሁሉም በሩብ ወረቀቱ ይመልስ። ማርክ የለውም፣ ስለዚህ መኮረጅም ትርፍ የለውም። ማታ አታርሚው፤ ሦስት ቦታ ክመሪው ብቻ። የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ ጭራሽ ያልገባው። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

«ወረቀቱንስ ማን ይገዛል?» አለችኝ። ልክ ናት። ያለቀ ደብተር ጀርባ ተጠቀሙ አልኳት።

ዓርብ ማታ ደወለችልኝ። ያቺኑ ግማሽ ሲደመር ሲሶ ጠይቃቸው ነበር። ሦስተኛው ክምር ከሁለቱ ተደምሮ ይበልጣል። በዚያ ክምር ያለው መልስ ሁሉም ማለት ይቻላል 2/5 ነው። የእህቴ ልጅ ብቻ፣ ከመልሱ አጠገብ ክብ እንጀራ ስሎ ነበር አለችኝ፤ እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ።

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ሰኞ አዲስ ምዕራፍ ነበር የምጀምረው» አለች። «ትቼዋለሁ። እንጀራ ይዤ ነው የምገባው።»