«ኦኬ» ከጦር ሜዳ አልመጣም

በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ማንም ሳይሞት የዋለ ቀን ሲገኝ ዜሮ ቁጥርና «ኬ» የምትለዋ ፊደል ይጻፉ ነበር፣ ኬ «ኪልድ» (በእንግሊዝኛ «የተገደለ») ማለት ነው፣ «ኦኬ» የመጣው ከዚያ ነው ይላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን ውሸት ነው። እንዲህ ያለውን ሳያጣሩ ማጋራት ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

ለማጣራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቀኑን ማየት ይበቃል። ጦርነቱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። «ኦኬ» ግን ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» በተባለ ጋዜጣ ላይ ታትሟል። በመሃል 22 ዓመት አለ!

ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን ሆን ብለው አበላሽተው እየጻፉ በመጀመሪያ ፊደላቸው ማሳጠር ይወዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል ነው»፣ በ«ኤ» እና በ«ሲ» መጀመር ሲገባው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉት። በቃ፣ ቀልድ ነበር።

አብዛኞቹ የዚያ ዘመን አጫጭር ቀልዶች ተረስተዋል። ይቺን ያተረፋት ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን በድጋሚ ሲወዳደሩ፣ የተወለዱት ኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ ውስጥ ስለነበር «ኦልድ ኪንደርሁክ» ተባሉ፤ ሲያጥር ያው ኦኬ። ደጋፊዎቻቸውም በዚሁ ስም ክለብ አቋቋሙ። ተቃዋሚዎች ደግሞ የቫን ቢዩረን አጋር የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ፊደል በደንብ ስለማይችሉ ትክክል ለማለት «ኦኬ» ብለው ይጽፉ ነበር ብለው አስወሩ። ቫን ቢዩረን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን በሁለቱም ወገን አፍ ገብቶ ቀረ። ቆይቶ የቴሌግራፍ ሠራተኞች መልእክቱ ደርሶናል ለማለት ተጠቀሙበት።

ዛሬ ስምምነትም፣ ፈቃድም ነው። ስለ ፊልም ሲጠየቁ «ኦኬ ነው» ማለት ደግሞ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪም «ኦኬ፣ እንጀምር» ሲል ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የተማረም ይሳሳታል። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ቃሉ ቾክታው ከተባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ስለመሰላቸው አጻጻፉን ለውጠው «ኦኬህ» እያሉ ይጽፉት ነበር። እውነቱን ያወጣው በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ ነው፤ ያረጁ ጋዜጦችን አገላብጦ፣ ማስረጃውን አንድ በአንድ ለቅሞ በ1963 እና በ1964 አሳተመው። እሱ ያን ሁሉ ደክሞ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ሲሆን፣ የጦር ሜዳው ፈጠራ ግን በየቀኑ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» እየተባለ መዞሩ ከልቤ ያናድደኛል።