የወደቀው ማማ አንደኛ ወጣ

ሐዋሳ ውስጥ ስብሰባ ማየት ለፈለገ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ገብቶ ማኪያቶ ማዘዝ። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ቲሸርቱ ታድሏል፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር የተነዳው ኮስተር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፣ የአበል መፈረሚያዋ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። ድሮ ባነሩ ላይ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይል ነበር። አሁን «ቲም ቢልዲንግ»፣ ማለትም የቡድን መንፈስ ማጎልበቻ፣ ሆኗል።

እኔም ዘንድሮ ከቶሮንቶ ለእረፍት በመጣሁበት ሰሞን አንዱ ላይ ተገኘሁ። የአክስቴ ልጅ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በጨዋታ የፕሮጀክት አመራር ሊያስተምር ነው ተባለ፤ እኔ ደግሞ «የውጭ ልምድ ታካፍላለህ» ተብዬ ተጠራሁ። ልምዴን የጠየቀኝ አልነበረም። ዓሣ ጉላሹ ግን ጥሩ ነበር።

ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ፒተር ስኪልማን የሚባል ዲዛይነር የፈጠረው፣ ቶም ዉጄክ እ.ኤ.አ. በ2010 በቴድ የንግግር መድረክ ካወራለት ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ለአራት ሰው 20 ዘንግ ያልተቀቀለ ፓስታ፣ አንድ አንድ ያርድ ፕላስተርና ሲባጎ፣ አንዲት ማርሽሜሎ የምትባል ለስላሳ ከረሜላ ይሰጣል። በ18 ደቂቃ ራሱን ችሎ የሚቆም ማማ ይሠራና ማርሽሜሎዋ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች። ስትታይ አየር ትመስላለች፤ ጫፍ ላይ ስትወጣ ግን ማማውን ታጎብጠዋለች። አብዛኛው ቡድን ሲያቅድ፣ ሲከራከር፣ ሲገነባ ቆይቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያወጣታል፤ ያኔ ይፈርሳል። ዉጄክ እንደሚለው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የተሻለ ይሠራሉ፤ ልጆቹ ማን ይምራ ብለው ሳይጣሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከረሜላዋን ጫፍ ላይ እያደረጉ ይሞክራሉ። ፕሮጀክት ለሚመራ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሚያስፈራህን ነገር መጨረሻ ላይ አታስቀምጠው።

ሐዋሳ ማርሽሜሎ አልተገኘም፤ በምትኩ ሎሚ ቀረበ። ሎሚ ደግሞ መክበዱን አይደብቅም። ዕድሜያቸው የገፋ ገንዘብ ያዥ ፓስታው ሲታደል ፊታቸው ተቀየረ። «ምነው ልጄ፣ በእህል ይጫወታሉ እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዘንግ አልሰበሩም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚሏቸው፣ አንዱ ቡድን ውስጥ ገቡ። ሲገቡ ቡድኑ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ የእሳቸው ነው፤ ፕላስተሩም ሲባጎውም በእጃቸው፣ ሌሎቹ ፓስታ አቀባይ። በቅርብ የተቀጠረች አንዲት ልጅ «ሎሚውን አሁን ብንሞክረውስ?» አለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይለቅ» አሏት። ቆየች። አለቀ። ሎሚው ሲወጣበት ማማው እንደ አማች ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ተንኮታኮተ። አዳራሹ ጭጭ አለ።

አሠልጣኙ መጀመሪያ ራሱን ሲያስተዋውቅ ፒኤምፒ፣ ማለትም የፕሮጀክት አመራር የሙያ ምስክር ወረቀት ያለው፣ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠቅሶልን ነበር። ይገባዋል፤ ለፈተናው ለመቀመጥ እንኳ ባለዲግሪ ሰው ፕሮጀክት የመራበትን የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ማቅረብ አለበት። እና ይኼ ሁሉ የተማረ ሰው ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ፓስታ አየ፤ ኢንጂነሩን አየ፤ «ሎሚው ከመቀመጡ በፊት የነበረውን ከፍታ ከግምት በማስገባት» አንደኛ ሆነዋል አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። የቆመ ማማ የነበራቸው ሁለት ቡድኖች ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ! እኔ ሣቄ አመለጠኝ፤ የአክስቴ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ፎቶ ተነሣን፣ ሻይ ወጣን፣ አለቀ።

ያንገበገበኝ ሽልማቱ አይደለም። ቶሮንቶ ጨዋታው 18 ደቂቃ ነው፣ ከጨዋታው በኋላ ያለው ወሬ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሥራው ያለው እዚያ ነው። ማን ጊዜውን ተቆጣጠረ? ማን ሐሳብ አቀረበና ሳይሰማ ቀረ? መቼ ነበር መሞከር የነበረብን? የእኛ ክፍል ኃላፊ ሴትዮ ማማዋ ሲወድቅባት፣ ለልምምድ የመጣ የኮሌጅ ልጅ «ፕላስተሩን ከያዝሽው በኋላ ለማንም አልሰጠሽም» አላት። እኔ በልጁ ፈንታ ላብ ጠመቀኝ። እሷ ዘወር ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። በሚቀጥለው ፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳውን ለሌላ ሰው ሰጠች፤ በየሳምንቱ ምን እንደዘገየ እሱ ይነግራታል፣ እሷ ታዳምጣለች። ልጁም አልተባረረም። ለኔ ከማማው በላይ የገረመኝ ይኼ ነው፤ ልጁ ሰኞ ሥራ መግባቱ።

(እኛ አገር ግምገማ ሲባል ሰው ሆዱን የሚቆርጠው ለምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አልነግርም።)

የቶሮንቶዎቹን መላእክት ላደርጋቸውም አይደለም። እዚያው መሥሪያ ቤት ክፍላችን ሲታጠፍ፣ ሰሌዳ ላይ አብሮኝ «እምነት» ብሎ የጻፈ ሰው በኢሜይል ተሰናበተ። ስልክ የደወለለት ሰው አልነበረም። «የት ደረሰ?» ብዬ ስጠይቅ እኔን ነበር እንደ እብድ ያዩኝ። ሐዋሳ ቢሆን ቢያንስ ቤቱ ቡና ይጠጣ ነበር።

ብሩስ ታክማን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ቡድን በአራት ደረጃ ያልፋል ብሎ ጽፎ ነበር፤ መተዋወቅ፣ መጋጨት፣ ደንብ ማበጀት፣ ከዚያ መሥራት። የእኛዎቹ ከመተዋወቅ ወደ እስክስታ ነው የሚዘሉት። ግጭቱን የት እንዳስቀመጡት ያወቅኩት ማታ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ልንበላ የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ ተሰበሰቡ፤ ልጅቷም ነበረች። ገና ዓሣው ሳይመጣ ጀመሩ። ማማው ለምን እንደወደቀ፣ ሦስት እግር ከአራት እንደሚሻል፣ ሎሚው መቼ መሞከር እንደነበረበት፣ ሁሉም ይናገራል። ከማማው አልፈው ወደ እውነተኛው ፕሮጀክት ገቡ። የግዢ ጥያቄው ዘግይቶ እንደተላከ፣ ዕቃው ሳይገባ ሠራተኛ እንደተቀጠረ፣ ሪፖርቱ ላይ «በመጠናቀቅ ላይ» የተባለው ገና እንዳልተጀመረ አንድ በአንድ ዘረዘሩት። አሠልጣኙ ከሁለት ቀን ስላይድ ያላወጣውን እነሱ ዓሣ እየበሉ አወጡት። «ይህን ለምን ዛሬ አላላችሁም?» አልኩ። ልጅቷ ሣቀችብኝ። «ጋሼ፣ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ነው የሚታደሰው።»

እና ባህላችን ነው፣ ይሉኝታ ነው እያላችሁ አትንገሩኝ። ኢንጂነሩ የሰፈራቸው ዕድር አባል ናቸው፣ አልፎም ዕቃ ቤቱን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። የአክስቴ ባል እዚያው ዕድር ውስጥ ስለሆኑ ይነግሩኛል። አንድ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ዘግይቶ ደርሶ በወሩ ስብሰባ ጥበቃ የሚሠሩ ሰውዬ ተነሥተው «ቁልፉ የት ነበር? እርስዎ የት ነበሩ?» ብለው በሰው ፊት አፋጠጧቸው። ኢንጂነሩም መልስ ሰጡ፣ ተቀጡ፣ ከፈሉ። ቁልፉ አሁን ሁለት ሰው ጋ ይቀመጣል። ጥበቃው ያን ያህል የሚደፍሩት ወርኃዊ መዋጮው የራሳቸው ስለሆነ ነው፤ ሊያባርራቸው የሚችልም የለም። መሥሪያ ቤት ሲገቡ ሁለቱም ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ይኼን ሁሉ የምለው ነገሩ ኪሴን ስለነካ ነው። አላሙራ በኩል ትንሽ ቤት እያሠራሁ ነው። ፎርማኑ ጎበዝ ነው፣ ቲም ቢልዲንግም ወስዷል፣ ፕሮፋይል ፎቶው ላይ ገመድ ሲጎትት ይታያል። የሻወር ቤቱ ግድግዳ ሴራሚክ ተለጥፎ፣ ፉጋው ገብቶ፣ አብረቅርቆ ፎቶ ተላከልኝ። ከዚያ በኋላ ነው የሙቅ ውኃው ቧንቧ እንዳልገባ የተነገረኝ። መጀመሪያ ቧንቧ፣ ከዚያ ልስን፣ ከዚያ ሴራሚክ፤ ይኼን ለማወቅ ፒኤምፒ አያስፈልግም። ግድግዳው ተፈንቅሎ ተቦረቦረ።

የቧንቧ ሠራተኛውን በስልክ አገኘሁት። «ሴራሚኩ ሲለጠፍ አላየህም?» አልኩት።

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ፎርማኑ እያለ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

ፎርማኑ በበኩሉ የሚቆጨው ነገር የለም፤ «ይስተካከላል» ይላል። ሥራው በጊዜው እየሄደ መሆኑንም በድምፅ መልእክት አረጋግጦልኛል። የተፈነቀለው ሴራሚክ ግን ከገበያ ጠፍቷል፤ ሌላ ቀለም እንለጥፍበት እያለኝ ነው፣ «ዲዛይን ይመስላል» ብሎ። ሐዋሳ ውስጥ ወይም ሻሸመኔ ያየ ሰው ካለ ይጠቁመኝ። 30 በ60 ነው፣ ፈዛዛ ግራጫ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው። አራት ካርቶን ይበቃኛል፤ ፎርማኑ ሦስት ነው ያለው።